ጠረጴዛ ሥር የነበረችው ድሬዳዋ

ባለፈው ጥር፣ ከጥምቀት በኋላ በነበረው ሳምንት፣ ቦሌ አንድ ካፌ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ያዘዝኩት ማኪያቶ እስኪመጣ ከፊት ለፊቴ ያለውን ሕንፃ አይ ነበር። ሕንፃው ከላይ እስከ ታች መስታወት ነው። የጥርን ፀሐይ ሁሉ ሰብስቦ መልሶ መንገደኛው ዓይን ውስጥ ይጨምረዋል። ይህን የነደፈውን ሰው በሆዴ እየረገምኩ ሳለ ስልኬ ጠራ።

"ራሄል ነሽ? የኤሌክትሪኳ ራሄል?" አለ አንድ የሸመገለ ድምፅ። ነኝ አልኩ። "ዳዊት ነኝ፤ የሲኤምሲው። ባቡሩን ታስታውሺዋለሽ?"

ስሙን ባይነግረኝም አውቀው ነበር። ከሃያ ምናምን ዓመት በኋላ ደውሎ፣ ደህና ነሽ ወይ እንኳ ሳይል፣ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ የሚገባ ሌላ ሰው በዚህ ከተማ አላውቅም። ባቡሩ አልሠራም ብሏል፣ መጥተሽ እዪልኝ አለ። እምቢ ልለው ነበር፤ አፌ ቀደመኝና እሺ አልኩ። ማኪያቶው መጥቶ ሳልነካው ቀዘቀዘ። ነገርን ነገር ያነሣዋልና ልቤ ከቦሌ ተነሥቶ የዚያን ዘመን ሲኤምሲ ገብቶ ነበር።

ያኔ ከቴክኒክና ሙያ በኤሌክትሪክ ተመርቄ ኦሎምፒያ አጠገብ በነበረችው የአጎቴ የጥገና ሱቅ እሠራ ነበር። የተቃጠለ ሞተር እንጠቀልላለን፣ የሞተ ሬዲዮ እናስነሣለን፤ የመበየጃው ካውያ ቀኑን ሙሉ እንደጋለ ነው። ደንበኞቹ ሴት ልጅ ካቻቢቴ ይዛ ሲያዩ "ባለሙያው የለም?" ይሉኛል። እኔም ሻይ ሊጠጣ ወጥቷል እላቸውና ሥራውን ጨርሼ፣ ተመልሰው ሲመጡ፣ መጥቶ ሠርቶልዎት ሄደ እላቸዋለሁ። አመስግነው ይሄዳሉ፤ አንዳንዱማ "ሰላም በይልኝ" ይላል። ሰው መናቅን የተማርኩት እዚያች ሱቅ ውስጥ ነው። ጥሩ ትምህርት ቤት ነበረች።

ሼፍ የመጡት በክረምት ነው። የሚኖሩበት የሲኤምሲ መንገድ ገና እየተቆፈረ ነበርና ከጉልበታቸው በታች ጭቃ፣ ከወገባቸው በላይ ከረባትና ባርኔጣ ሆነው፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ ትራንስፎርመር አቅፈው ገቡ። ስማቸው አቶ ተክሌ ነው። ዕድሜያቸውን በጅቡቲው መስመር የጣቢያ ሹም ሆነው ስለኖሩ ግን፣ ከፈረንሳዮቹ በቀረው ቋንቋ፣ ሁሉም ሰው ሼፍ ይላቸዋል። እሳቸው ባለሙያው የለም ወይ አላሉኝም። "ሠሪዋ አንቺ ነሽ? በይ እጅሽን ታጠቢ፤ ቅባት ያለው እጅ ዕቃዬን አይነካም" አሉኝ። ደግ ሰው ነበሩ ብዬ አልዋሽም። ሰውን ሁሉ ሰዓት ያሳለፈ ባቡር አድርገው ነው የሚያዩት። ግን የሚያዩት ሁሉንም ነበር፤ ይህ ልዩነት የገባኝ ቆይቶ ነው።

ትራንስፎርመሩ የአሻንጉሊት ባቡር ማንቀሳቀሻ መሆኑን ሲነግሩኝ ሳቄን ዋጥኩ። በማግስቱ ዕቃው ካለበት ቦታ መታየት አለበት ብለው ይዘውኝ ሄዱ።

ልጃቸው አቶ ዳዊት አስመጪ ነጋዴ ነበር። (ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ፤ ሲጻፍ ግን እጄ እምቢ ይላል።) ሲኤምሲ ባለ ፎቅ ቪላ ሠርቶ፣ አባቱን ከድሬዳዋ አምጥቶ፣ ያስቀመጣቸው ጓሮ ሰርቪስ ቤት ውስጥ፣ ከዘበኛውና ከወጥ ቤት ሠራተኛዋ ክፍል ጎን ነው። ጉልበታቸው ደረጃ መውጣት አይችልም የሚል ምክንያት ነበረው። ከሳሎኑ አጠገብ፣ ያለምንም ደረጃ፣ ጌጠኛ ሶፋ ብቻውን የሚኖርበት ክፍል እንዳለ ያስታወሰው አልነበረም።

የሼፍን ክፍል ከአልጋው በቀር ጠረጴዛ ሞልቶት ነበር። ከአሮጌ በሮች የተጋጠመው ያ ጠረጴዛ ላይ ከለገሃር እስከ ድሬዳዋ ያለው መስመር ተዘርግቷል። ተራራው ከጀሶ፣ ግራሩ ከስፖንጅ፣ የአዋሽ ድልድይ ከቆርቆሮ ነው። ባቡሩን የሰጧቸው አገር ለቅቀው የሄዱ አንድ ፈረንሳዊ አለቃቸው ናቸው። የባቡሩ ራስ መዳፍ ላይ ትቀመጣለች፤ ከኋላዋ ፉርጎዎቹ ይከተላሉ።

ያስገረመኝ ግን ሽቦው ነው። ጣቢያዎቹ አራት ናቸው፤ ለገሃር፣ አዋሽ፣ ሚኤሶ፣ ድሬዳዋ። ለእያንዳንዳቸው የራሳቸው ትራንስፎርመርና የራሳቸው ማዞሪያ ተሰጥቷቸዋል። በየድንበሩ ሐዲዱ ተቆርጦ ክፍተቱ በላስቲክ ተደፍኗል፤ የአንዱ ጣቢያ ኤሌክትሪክ የሌላው ግዛት ውስጥ አይገባም። ስለዚህ ባቡሩን ከለገሃር አዋሽ ለማድረስ ለገሃር ያለው ሰው ብቻውን ምንም ማድረግ አይችልም። አዋሽ ያለው ሰው ማዞሪያውን ወደዚያው አቅጣጫ፣ በዚያው ፍጥነት ከፍቶ መቀበል አለበት። ካልከፈተ ባቡሩ ድንበሩ ላይ ቀጥ ይላል። በተቃራኒው ከከፈተ ደግሞ ክፍተቱ ላይ ወደፊትና ወደኋላ ይንቀጠቀጣል። አራቱንም ማዞሪያ አንድ ቦታ ሰብስቤ አንድ ሰው እንዲነዳው ላድርግልዎት፣ ቀላል ነው አልኳቸው። በሥራ ላይ እንደተኛ ሠራተኛ አዩኝ።

"ማን ጠየቀሽ?" አሉ።

እሁድ ስመጣ ገባኝ። ለገሃር የራሳቸው የሼፍ ናት። ከቅዳሴ በኋላ ዘበኛው ጋሽ ዳባ ገባና ድሬዳዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። የወጥ ቤት ሠራተኛዋ እታገኝ እጇን በሽርጧ እየጠረገች አዋሽ ላይ ተሰየመች። ሚኤሶን ይዞ የነበረው አትክልተኛ ሥራ ለቆ ነበርና ሼፍ በጣታቸው ወንበሩን አሳዩኝ፤ ሹመቴ ያ ነው። ሕጉ አንድ ነበር። ማንም ባቡሩን ከመላኩ በፊት የሚቀበለውን ጣቢያ በስሙ ጠርቶ "መስመሩ ነጻ ነው ወይ?" ብሎ ይጠይቃል። ተቀባዩ ማዞሪያውን አስተካክሎ "ነጻ ነው፣ ይለፍ" ይላል። ይህ ሳይባል ባቡር አይንቀሳቀስም። ሳይጠይቅ የላከ ሰው ጣቢያውን ይነጠቅና ጥግ ላይ ተቀምጦ ለውዝ ይፈለፍላል። እታገኝ አንድ እሁድ ሙሉ ፈልፍላለች። እኔም ፈልፍያለሁ።

ድሬዳዋ ስትደርስ የባቡሩ ራስ ተፈትታ፣ በጎን ሐዲድ ዞራ፣ በሌላው ጫፍ ትቀጠላለች፤ ከዚያ የመልስ ጉዞ። ይህ ጊዜ ይወስዳል። እኛም እስከዚያ እታገኝ እንደ ድሬዳዋ ሰዎች በዘይት በሽንኩርትና በቃሪያ የሠራችውን ፉል በትኩስ ዳቦ እንበላለን፤ ክረምት ከሆነ ከሾላ ገበያ የመጣ በለስ ይላጣል። ጋሽ ዳባ በሥራው ቀን የጌታው መኪና ሲመጣ በር ከመክፈት በቀር አፉን የማይከፍት ሰው ነበር። እሁድ ግን ደረቱን ነፍቶ "ሚኤሶ! ምን ሆነሽ ነው የማትመልሺው?" ይለኛል። ሼፍ ከልጃቸው ቪላ ኑሮ የሚፈልጉት ይህንኑ ብቻ ነበር። ሰው እንዲጠይቃቸው፣ ሰው እንዲመልስላቸው። ፎቁ ላይ ማንም አይጠይቃቸውም ነበርና።

አቶ ዳዊት በዚህ ሁሉ ጊዜ ያን ክፍል የረገጠ አይመስለኝም። "የአባባ ቆሻሻ" ነበር የሚለው። አንድ እሁድ ግን ለንግድ ሽርክና የሚለማመጠው እንግዳ፣ ጨዋና ሀብታም ሰው፣ እጅ መታጠቢያ ሲፈልግ ተሳስቶ ሰርቪስ ቤት ገባ። እዚያው ቀረ። ሲፈልጉት ጋሽ ዳባ አጠገብ ተቀምጦ፣ ኮቱን አውልቆ፣ ፉል እየበላ አገኙት። ወደ ሳሎን ሲመለስ፣ እንዲህ ያለ ነገር በውጭ አገር እንጂ እዚህ አይቼ አላውቅም አለ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ቆሻሻው "የአባቴ ኮሌክሽን" ሆነ። ሰው የአባቱን ዋጋ ከእንግዳ አፍ ሲሰማ ምናለ ትንሽ ቢያፍር።

ባቡሩ ወደ ሳሎን ይግባ ተባለ። ቤቱ በመስከረም ሊመረቅ ነበርና እንግዳውም የሚመጣው ያኔ ነው። ነገር ግን "እንዲህ ሆኖ አይታይም፤ መዘመን አለበት" አለ አቶ ዳዊት። ያዘምን ዘንድ ኢንጂነር ሳምሶን የሚባል ጎልማሳ መጣ። ኢንጂነርነቱን የሰጠው ማን እንደሆነ አልተነገረንም። ኪሱ ላይ ሦስት እስክሪብቶ ይሰካል፣ አንዱንም ሲጽፍበት አላየሁም። የዕቃ ካታሎግ ገልጦ ለአቶ ዳዊት ውዱን አሳየው፣ ከዚያ የበለጠ ውዱን አሳየው፣ ሁለተኛው ተመረጠ። ምርጫው እንዲህ ነበር የተደረገው።

ዕቃው ዲጂታል መቆጣጠሪያ ነው። እውነቱን ለመናገር ዕቃው ራሱ መጥፎ አይደለም፤ ከሼፍ ሽቦ እጅግ የተሻለ ነው። ሐዲዱ ላይ ሁልጊዜ ኤሌክትሪክ አለ። የባቡሩ ራስ ውስጥ ትንሽ ቺፕ ይገባና ትእዛዙን በሐዲዱ በኩል ይቀበላል። አንድ ሰው በእጁ በሚይዘው ማዘዣ ሂድ ሲለው ይሄዳል፣ ቁም ሲለው ይቆማል። ድንበር የለም፣ ክፍተት የለም። ይህን ለሼፍ የማስረዳው እኔ ሆንኩ፤ ሽቦውን እንድዘረጋ አቶ ዳዊት ቀጥሮኝ ነበርና። ጠረጴዛው ከክፍላቸው ወጥቶ አልጋው ብቻውን ቀርቷል። አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው አደመጡኝ።

"ለመንዳት ስንት ሰው ይፈልጋል?" አሉ ስጨርስ።

"አንድ ሰው ይበቃዋል፣ ሼፍ።"

"ሌሎቹስ?"

ጋሽ ዳባ በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ ሰምቶ ወደ ዘበኛ ቤቱ ሄደ።

ሽቦውን መዘርጋት ስጀምር ኢንጂነሩ አስቀድሞ የሠራውን አየሁ። የበር ደወል በሚሠራበት ቀጭን ሽቦ፣ ያውም ሁሉንም በአንድ ቀለም፣ ቢጫ አድርጎት ነበር። ለምን ብዬ ብጠይቀው፣ ጥቅሉ ቢጫ ነበር አለኝ። ባቡሩ ከመቆጣጠሪያው ሳጥን ሲርቅ አቅሙ እየደከመ አዋሽ ድልድይ ላይ ይተነፍሳል። ሁሉንም ነቅዬ ከጠረጴዛው ሥር ሁለት ወፋፍራም ሽቦ፣ ቀይና ጥቁር፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳብኩ። ከእነሱ ላይ በየክንዱ ቀጫጭን ሽቦ ወደ ሐዲዱ አወጣሁና እየበየድኩ በናስትሮ ጠቀለልኩ። ጀርባዬን መሬት ላይ አድርጌ፣ የካውያው ጢስ ዓይኔ ውስጥ እየገባ፣ በላዬ ላይ ኢንጂነሩ ለአቶ ዳዊት በእንግሊዝኛ ሲያስረዳ እሰማ ነበር። የማያውቁትን ነገር በማያውቁት ቋንቋ ማስረዳት ድፍረት ይጠይቃል፤ ድፍረቱ አልጎደለውም።

ዋናው ጥፋት የመጣው ከአቶ ዳዊት ራሱ ነው። ድሬዳዋ ላይ የባቡሩ ራስ ተፈትታ ስትዞር እንግዳ አያስጠብቅም፤ ባቡሩ እንዳለ ዞሮ ይመለስ አለ። ስለዚህ ሐዲዱ ድሬዳዋ ላይ ክብ ሠርቶ ወደ መጣበት እንዲገጥም ተደረገ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው። ባቡር ዞሮ በመጣበት ሐዲድ ሲመለስ የቀኙ ሐዲድ ከግራው ጋር ይገናኛል፤ ቀዩና ጥቁሩ ሽቦ ተነካካ ማለት ነው። ይህን ለማዳን ክቡ ሁለት ጫፉ ላይ ተቆርጦ መነጠል፣ ባቡሩ ክቡ ውስጥ ሳለም ሽቦው መገልበጥ አለበት። ራሱ የሚገለብጥ ትንሽ ዕቃ አለ፤ ከዕቃዎቹ ጋር ይታዘዝ ብዬ ነበር። ኢንጂነር ሳምሶን እየሳቀ ትከሻዬን መታ አደረገኝ።

"እህቴ፣ ይሄ ዲጂታል ነው። ዲጂታል ሾርት አያደርግም።"

ሞከሩት፤ ሾርት አደረገ። ሳጥኑ ጮኸ፣ መብራቱ ቀላ፣ ባቡሩ ቆመ። ደጋግመው ሞከሩት፤ ደጋግሞ ጮኸ። ኢንጂነሩ የሳጥኑ ችግር ነው አለና ሊጠይቅ ሄዶ በዚያው ቀረ። ያ የሚገለብጠው ዕቃ ታዝዞ እስኪመጣ ደግሞ ምርቃቱ ያልፋል። የቀረው መንገድ አንድ ነበር፤ አንድ ሰው ባቡሩ ክቡ ውስጥ ሲገባ ስዊች በእጁ ይገልብጥ። ያንኑ ለአቶ ዳዊት ነገርኩት። እሱ ማዘዣውን ይዞ ከእንግዶቹ ጋር መቆም እንጂ ስዊች መነካካት አይፈልግም። ሰው በእጁ ሲገለብጥ መታየትም አይፈልግም፤ ራሱ በራሱ ይሄዳል ብሎ ለእንግዳው ነግሮታል። ጠረጴዛው እስከ መሬት በአረንጓዴ ቬሉቶ ጨርቅ ተሸፈነ። ጋሽ ዳባም ስዊቹን ይዞ ቬሉቶው ሥር እንዲቀመጥ ታዘዘ።

እኔ ልግባ ብል የቤቱ እመቤት፣ ሴት ልጅ በእንግዳ ፊት ጠረጴዛ ሥር አትገባም አሉ። የስድሳ ዓመት ሽማግሌ ግን ይገባል። ጋሽ ዳባ ከሥር ሆኖ ባቡሩን ስለማያይ፣ ሼፍ ከላይ አይተው በምርኩዛቸው ወለሉን መታ እንዲያደርጉለት ተስማማን። አንድ ጊዜ መታ፣ በቃ። ቃል አያስፈልግም ብሎ አቶ ዳዊት አባቱን አስጠነቀቀ። "ዝም አይነቅዝም፣ አባባ" አላቸው።

የምርቃቱ እሁድ ሰማዩ ጠርቶ ነበር። ግቢው ውስጥ አደይ አበባ በየብርጭቆው ቆሟል፣ በግ እየተጠበሰ ነው፣ ቄጠማ ከበር እስከ ሳሎን ተጎዝጉዟል። አንዷ የእመቤቲቱ ዘመድ ለደስታው ብላ ፈንዲሻ ባቡሩ ላይ ልትበትን ስትል እጇን ያዝኳት። ካህናቱ ባርከው፣ ምሳ ተበልቶ፣ እንግዶቹ ብርጭቋቸውን እንደያዙ ጠረጴዛውን ከበቡት። ሼፍ የጣቢያ ሹም ኮታቸውን፣ ያንን የናስ ቁልፍ ያለውን፣ ለብሰው ድሬዳዋ ጫፍ ላይ ቆሙ። አቶ ዳዊት ትንሽ ንግግር አደረገ። ሁሉም ነገር ዲጂታል እንደሆነ፣ የሰው እጅ እንደማይነካው፣ እሱ ብቻ ካለበት ሆኖ እንደሚያዘው ተናገረ። ከጠረጴዛው ሥር ጋሽ ዳባ ጉሮሮውን ሲጠርግ ሰማሁት።

ባቡሩ ከለገሃር ተነሣ። አዋሽ ድልድይን ተሻገረ፣ ሚኤሶን አለፈ። ደህና ነበር የሚሄደው፤ ሽቦው የእኔ ነው። ድሬዳዋ ሲቃረብ ሼፍ ምርኩዛቸውን አነሡ። አላወረዱትም። ግድግዳው ላይ አስደግፈው አቆሙት፣ የኮታቸውን ቁልፍ ቆለፉ፣ ጣቢያ ሙሉ ሰው በሚሰማው በዚያ ድምፃቸው ተናገሩ።

"ድሬዳዋ! መስመሩ ነጻ ነው ወይ?"

"ነጻ ነው፣ ይለፍ!" አለ ጠረጴዛው።

አንዲት ሴት ብርጭቆ ለቀቀች። ስዊቹ ቀጭ ሲል ሰማሁ፤ ባቡሩ ክቡን ዞሮ ያለምንም ጩኸት ወጣ። ነገሩ እዚያ ላይ ሊያበቃ ይችል ነበር። ጋሽ ዳባ ግን በዚያ ሕግ ብዙ እሁድ ያሳለፈ ሰው ነው፤ ባቡር ተቀብሎ ሳይጠይቅ አያሳልፍም። ከቬሉቶው ሥር "ሚኤሶ! መስመሩ ነጻ ነው ወይ?" ብሎ ጮኸ።

አቶ ዳዊት አየኝ። ዓይኑ ዝም በይ ይለኛል። ባቡሩ የማንንም ፈቃድ አይፈልግም፤ ዝም ብልም ያልፋል። ግን ጠርቶ የጠየቀኝ ጋሽ ዳባ ነው፤ አቶ ዳዊት በሕይወቱ ምንም ጠይቆኝ አያውቅም። "ነጻ ነው፣ ይለፍ" አልኩ። ቀጥዬም አዋሽን ጠየቅሁ። ጥብስ ይዛ በእንግዶቹ መሀል የቆመችው እታገኝ ሣህኑን ለጎኗ ላለ አንድ ባለሥልጣን አስያዘችና፣ እጇን በሽርጧ ጠርጋ፣ "ነጻ ነው፣ ይለፍ" አለች። ባቡሩ ለገሃር ገባ። ሼፍ ሰዓታቸውን አዩ።

ሳቁ የፈነዳው ያኔ ነው። ያ የተከበረው እንግዳ ጎንበስ ብሎ ቬሉቶውን ገለጠ። ጋሽ ዳባ ጉልበቱን አቅፎ፣ ስዊቹን ይዞ፣ አጠገቡ እታገኝ ያቀበለችው ፈንዲሻ ተቀምጦ ነበር። "ዲጂታሉ ይሄ ነው?" አለ እንግዳው፤ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። ከዚያ እጁን ሰጥቶ አወጣውና አቧራውን አራገፈለት። ለእኔም አንድ ጣቢያ ስጡኝ ብሎ ሼፍን ለመናቸው። ከሰዓቱን ሁሉ ትልልቆቹ ሰዎች ሐዲዱ ዙሪያ ተደርድረው እርስ በርሳቸው ሲጠያየቁ ዋሉ። ማዘዣው አቶ ዳዊት እጅ ላይ ነበር፤ የሚያየው ግን አልነበረም።

ሰኞ ጠዋት ጋሽ ዳባ ተባረረ። እኔም ሁለተኛ እንዳልመጣ ተነገረኝ። ሽርክናው ምን እንደሆነ አላውቅም፤ አልጠየቅሁምም። ባቡሩ ሳሎን ውስጥ በዚያው ቬሉቶ ተሸፍኖ ቀረ፤ ማንም እንዳይነካው ተባለ፣ ሼፍም ጭምር። ወደ ባዶ ክፍላቸው ተመለሱ። አባቱ ሰው ፊት ስላሳቁበት የአባቱን አንድ ደስታ መንጠቅ፤ ይህን የሚያደርግ ሰው ምን ተብሎ እንደሚጠራ በአማርኛ ቃሉ አለ፤ እዚህ አልጽፈውም።

ጋሽ ዳባ ሾላ ገበያ የእህል መጋዘን ጥበቃ ሥራ አገኘ። ሼፍ እሁድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ በሚኒባስ ወደ እሱ መሄድ ጀመሩ፤ እኔም አንዳንዴ እዚያ አገኛቸው ነበር። በርበሬው አፍንጫችንን እየሰነፈጠን፣ መጋዘኑ ደጃፍ በጆንያ ላይ ተቀምጠን ዳቦ በሻይ እንበላለን። ስንለያይ አስፋልቱን መሻገር አለ። ጋሽ ዳባ ቀድሞ መኪናውን ያያል። ሼፍ ከዳር ቆመው መስመሩ ነጻ ነው ወይ ይሉታል፤ እሱም ይለፍ ይላቸዋል። እስኪሞቱ ድረስ ሳይጠይቁ ተሻግረው አያውቁም።

ይኸው በጥር ያ ቪላ ደረስኩ። ሲኤምሲ ዛሬ ጭቃ የለውም፤ ፎቅ በፎቅ ላይ ተደራርቧል። በሩን የከፈተልኝ ሰው አልነበረም፤ ራሱ ተከፈተ። አቶ ዳዊት ሶፋው ላይ ተቀምጦ ስልኩን አሳየኝ። በሩን፣ መብራቱን፣ መጋረጃውን ሁሉ በዚህች ነው የማዘው አለ። መጋረጃውን ከፈተ፣ ዘጋ፣ እንደገና ከፈተ። ከሁለታችን በቀር በቤቱ ሰው የለም። ባለቤቱ ከልጆቹ ዘንድ ሄዳ ከቀረች ቆይታለች፤ ሠራተኛም አይበረክትለትም። ከሥልጣኑ ያልወረደ ብቸኛው ሰው እሱ ነው፤ የሚያዘው ግን መጋረጃ ነው።

ቬሉቶውን ገለጥኩ። ሐዲዱን በአልኮል ጠረግሁ፣ የዛገውን መጋጠሚያ በየድኩ፣ ከሥር ገብቼ ቀይና ጥቁር ሽቦዬን ተከተልኩ። የጋሽ ዳባ ስዊች እዚያው ናት። ባቡሩ ተነሣና ድሬዳዋ ደርሶ ጮኸ። ከሥር ሆኜ ስዊቹን ስገለብጥ አለፈ። ያቺ ያኔ ያልታዘዘችው፣ ራሷ የምትገለብጠው ዕቃ፣ ዛሬ የክብሪት ሣጥን ታክላለች። አንዷን ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ ነበር የሄድኩት።

"ይሄን ነገር ሰው የማይፈልግ ማድረግ አይቻልም?" አለኝ።

"አይቻልም" አልኩት። "አንድ ሰው ያስፈልጋል።"

ወዲያና ወዲህ ተመለከተ፤ በዚያ ሁሉ ክፍል ውስጥ የሚያየው ሰው አጣ። ዕቃዎቼን ሰብስቤ ወጣሁ።

እሁድ ከሰዓት ደወለ። አሁንም ደህና ነሽ ወይ የለም። የጎረቤቱን ዘበኛ እንደጠራው ነገረኝ፤ ከጠረጴዛው ሥር እንዳላስገባው፣ ወንበር እንደሰጠው ነገረኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "አባባ ምን ነበር የሚሉት?" አለኝ። ያን ሁሉ እሁድ በአንድ ግቢ ኖሮ አያውቀውም። ነገርኩት። ስልኩን ሳይዘጋ አስቀመጠና "ድሬዳዋ! መስመሩ ነጻ ነው!" ሲል ሰማሁት። ዝም ተባለ። ድምፁን ጨምሮ ደገመው፤ አሁንም ዝም። "አይመልስም" አለኝ ተመልሶ፣ እየተቆጣ።

"እያዘዙት እኮ ነው፣ አቶ ዳዊት። ይጠይቁት። ጠይቀው ዝም ይበሉና መልሱን ይጠብቁ።"

ስልኩን መልሶ አስቀመጠ። ከዚያ ከሩቅ፣ ዝግ ባለ ድምፅ፣ "ወይ" ያለበት ጥያቄ ሰማሁ። ቀጥሎ የአንድ የማላውቀው ሰው ድምፅ መለሰ።

ይቅር ብዬዋለሁ ማለቴ አይደለም። ሼፍ በዚያ ባዶ ክፍል ስንት እሁድ እንዳሳለፉ እኔ አውቃለሁ፤ ለዚህ የሚሆን ይቅርታ የእኔ አይደለም። ሰዎች መዘመን የሚሉት ሌላ ሰው ከማያስፈልግበት ደረጃ መድረስን ከሆነ ግን አቶ ዳዊት ቀድሞ ደርሷል፤ ሄጄም አይቼዋለሁ። ያቺ የክብሪት ሣጥን የምታክል ዕቃ መሳቢያዬ ውስጥ ናት። በየእሁዱ አቶ ዳዊት ሲደውል መሳቢያውን ከፍቼ አያታለሁ፣ መልሼም እዘጋባታለሁ።